የመሬት ውስጥ ታንከራችሁ ውስጥ ዓሣ ልትይዙ ነው? መጀመሪያ ስለ አየሩ እንነጋገር

ድሬዳዋ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የመሬት ውስጥ ታንከርም አለው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የድሮ ሰው መሬት ቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ለስኖ፣ ላዩን በአርማታ ደፍኖ ያጠራቅም ነበር። አሁን ብዙዎቻችን ሮቶ ከፍ አድርገን ሰቅለናል። የታችኛው ታንከር ባዶውን ተቀምጧል። እኔ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። እነዚህን ታንከሮች ሳጥብና ስጠግን ነው የኖርኩት። ሳቢያን ሰፈር ያለው የራሴ ግቢ ታንከር ደግሞ ዛሬ ዓሣ ይዟል። ሰፈሩ ይህን ከሰማ ወዲህ ቧንቧ ልጠግን ሄጄ ስለ ዓሣ ስጠየቅ እውላለሁ። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ጠያቂው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ውሃው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አየሩ ነው። ዓሣውም የሚሞተው በአየር እጦት ነው፤ ታንከር ውስጥ የሚገባው ሰውም እንደዚያው።

መጀመሪያ ታንከሩን ምረጡ። የምትጠጡትን ወይም የምታበስሉበትን ውሃ የያዘ ከሆነ እርሱት። ዓሣ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይጸዳዳል። ወደ ሶማሌ ክልል ወረድ ስትሉ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ቢርካዎች አሉ፤ ሰውም ከብቱም ከእነሱ ነው የሚጠጣው። እዚያ ውስጥ ዓሣ ልጨምር የሚለኝን ሰው ሌላ ጉድጓድ ቆፍር ነው የምለው። ታንከሩ ከሴፕቲክ ጎን ከሆነም ተዉት። የድሮ ልስን መሰንጠቁ አይቀርም፣ በስንጥቁ የሚገባውን ደግሞ ማየት አትችሉም።

አፉም ቁም ነገር ነው። የብዙዎቹ ማንሆል 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው። ለባልዲ ይበቃል፤ ለዓሣ ግን አይበቃም። ከመጀመሪያው አፍ በተቃራኒ ጥግ ሁለተኛ ቀዳዳ ይከፈት። አንዱ አየር ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል። ይህን ግንበኛ አይቶ ይወስን፤ የጣሪያውን ብረት በዘፈቀደ መቁረጥ ጣሪያውን ጭንቅላታችሁ ላይ ማውረድ ነው። የአፉ ጠርዝ ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ምን እንዳመጣ ድሬ ላይ የነበረ ሰው አይረሳውም። ያን ያህል ባይሆንም የግቢ ጎርፍ ዘይቱንም ሳሙናውንም ጠራርጎ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለወራት ተዘግቶ የቆየ ታንከር ሲከፈት ውስጡ ያለው አየር ውጭ እንዳለው አይደለም። ታች የተኛው ዝቃጭ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይበላዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ እታች ይተኛል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝም አለ፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብላችሁ ስትደሰቱ ጋዙ እዚያው ነው፤ የጠፋው የእናንተ ማሽተት ነው።

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነበር፣ ጎበዝና ቸኳይ። አንድ ግቢ ክዳኑን አንስተን እንደጨረስን መሰላሉን አስገባ።

«አቦ ገብቼ ልውጣ፣ ሁለት ደቂቃ ነው!»

«ለመሞት ሁለት ደቂቃ ይበቃል» አልኩት። «ውረድ አላልኩህም።»

የቤቱ ባለቤት ሻማ አምጥተው በገመድ አወረዱ። ሻማው አልጠፋም። «ይኸው፣ አየር አለ» አሉ። እኚህ ሰው እንዳደረጉት የሚያደርግ ብዙ ነው፤ ግን ሻማ ሁሉን አይናገርም። ኦክስጅን በጣም ካነሰ ይጠፋል፣ እሱ እውነት ነው። የእንቁላል ሽታውን ጋዝና ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አያውቃቸውም፤ እየነደደ ሰው ይሞታል። የሚቀጣጠል ጋዝ ካለ ደግሞ እሳት አወረዳችሁ ማለት ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሁለቱም አፍ ተከፍቶ ያድራል። በማግስቱ ውሃውና ዝቃጩ ከላይ ሆነን በፓምፕ ይሳባል። ከዚያ ነፋሻ ማሽን ከሰፊ ቱቦ ጋር ይገጠምና የቱቦው ጫፍ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ነፋሻው ሰው ከመግባቱ በፊት ይሠራል፣ ሰው ውስጥ እያለም አይቆምም። የጋዝ መለኪያ ያለው ባለሙያ ከተገኘ ሳይለካ አይገባም። የሚገባው ሰው ደረቱና ትከሻው ላይ ቀበቶ ታጥቆ፣ ገመዱ ላይ ሁለት ጠንካራ ሰዎች ይቆማሉ። ሥራቸው ገመዱን መያዝ ብቻ ነው፤ ስልክ አያወሩም፣ ጫት አይቅሙም። እታች ያለው ቢወድቅ ከላይ ጎትተው ያወጡታል እንጂ ማንም ተከትሎ አይገባም። በየጉድጓዱ ከሚሞቱት ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ሊያድኑ ዘለው የገቡ ናቸው፤ ወንድም ለወንድም፣ አባት ለልጅ። አፉ ጠባብ ነው፣ ልጅ ይግባ የሚሉም አሉ። ልጅ አይገባም፤ አለቀ።

በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕም ሆነ ጀነሬተር ታንከር ውስጥ አይወርድም፤ አፉ አጠገብም አይቀመጥም። ጭሱ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ከነፋስ በታች አርቃችሁ አስቀምጡትና ቱቦውን አስረዝሙ።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ጭራሽ ላለመግባት ማሰናዳት ነው። አሁን ባዶ እያለ ወለሉን ወደ አንድ ጥግ አጋድላችሁ ልሰኑት። ጥጉ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ትኑር። ቆሻሻው ወደዚያ ይሰበሰባል፣ መሳቢያ ቱቦውም እዚያው ይቀመጣል። መረቡን፣ ቱቦውን፣ አምፖሉን ሁሉ ከላይ በገመድ እንዲወጡ አድርጋችሁ እሰሩ። የእኔ ታንከር ዓሣ ከገባበት ወዲህ ሰው አልገባበትም።

አዲስ ልስን ካለ ዓሣ ለማስገባት አትቸኩሉ። ሲሚንቶ ውሃውን እንደ አመድ ውሃ ያደርገዋል፤ ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ10 በላይ ይወጣና የዓሣውን ስንጥብ፣ መተንፈሻውን፣ ያቃጥላል። ሞልታችሁ አንድ ሳምንት አቆዩ፣ ድፉት፣ እንደገና ሙሉ። ሁለት ሦስቴ ደጋግሙ። ከዚያ በፒኤች ወረቀት ለኩ፤ ከ6.5 እስከ 8.5 ከሆነ ጥሩ ነው። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው። ለሻይ አይመችም፣ ለዓሣ ግን ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ ይይዝላችኋል። ውሃ እንዳያፈስ ብላችሁ ሬንጅ አትቀቡ። የመዳብ ቧንቧም አታስገቡ፣ መዳብ ዓሣ ይገድላል። ፒፒአርና ፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። በአየር ፓምፕ እያንቦጫረቃችሁ ሁለት ቀን ብታቆዩት ይለቃል። ታንከሩ ዓሣ ይዞ ውሃ ስትጨምሩ ግን በቀጥታ አትልቀቁበት። ውሃው በርሜል ውስጥ አድሮ ይግባ።

የትኛው ዓሣ? እዚህ ላይ ከተማችሁ ይወስናል። መሬት ውስጥ ያለ ውሃ የአካባቢውን የዓመት አማካይ ሙቀት ይዞ ይቀመጣል። ድሬ ላይ ይህ 25 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለቆሮሶ (ቲላፒያ) ይስማማዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን 16 ገደማ ነው። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውሃ ሲሆን 16 አካባቢ መብላት ያቆማል፤ ከ12 ሲወርድ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ዘመዶቼ ሲደውሉ ቆሮሶን እርሱት እላቸዋለሁ። ብርድ የሚችለው ካርፕ ነው፤ እሱም በዚያ ብርድ ቶሎ አያድግም።

ጨለማው ሌላ ነገር ነው። ክፍት ኩሬ ውስጥ ፀሐይ አረንጓዴ አልጌ ታበቅላለች። አልጌው ቀን ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ቆሮሶው ደግሞ አልጌውን ይበላል። ታንከር ውስጥ ሁለቱም የሉም። ዓሣው የሚበላው እናንተ የምትሰጡትን ብቻ ነው፤ የሚተነፍሰውም እናንተ የምታስገቡትን። ቆሮሶ በዓይኑ አይቶ ስለሚበላ ቀን ቀን ባለ 12 ቮልት አምፖል ይብራለት። ወይም አንዱን አፍ በተቆለፈ የብረት ፍርግርግና በወንፊት ሸፍናችሁ ብርሃን አስገቡ።

ለጨለማ የተፈጠረ የሚመስለው አምባዛ ነው። በጢሙ ዳብሶ ይበላል። ስንጥቡ ጋር ተጨማሪ የመተንፈሻ አካል ስላለው ኦክስጅን ሲያንስ ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ይስባል። ለዚህ ግን በውሃውና በጣሪያው መካከል ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። ታንከሩን እስከ አፉ ሞልታችሁ ብትዘጉት አምባዛ ይታፈናል። ዓሣ ይሰምጣል ስላችሁ አትሳቁ። ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ተዉለት። ሁለት ጉድለት አለበት። ትልቁ ትንሹን ይበላል፤ ስለዚህ እኩል እኩሉን ለዩ። ቅርፊት ስለሌለው ደግሞ ብዙ ኦርቶዶክሶች አይበሉትም። ልትሸጡ ካሰባችሁ ገዢያችሁን አስቀድማችሁ እወቁ። ቆሮሶ መራባት ሲያበዛ ጥቂት አምባዛ መጨመር ጫጩቱን ይቀንሳል፤ ሲገቡ ግን መጠናቸው ከትልልቆቹ ቆሮሶ እንዳይበልጥ።

ዔሊ ልጨምር ያለኝም አለ። ዔሊ ፀሐይ መሞቅ አለባት፣ ታንከር ለእሷ እስር ቤት ነው። ከውጭ የመጣ ጌጠኛ ዓሣ ወይም ክሬፊሽ (እንደ ሸርጣን መቆንጠጫ ያለው የውሃ እንስሳ) ያገኛችሁ እንደሆነም ተዉት። አንድ ቀን ጎርፍ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል፣ ከዚያ መመለሻ የለውም።

ጫጩቱን ባቱ ወይም ሰበታ ካሉት የዓሣ ምርምር ማዕከላት ጠይቁ። ከሐይቅ በባልዲ ቀድቶ ማምጣት ቀንድ አውጣም ማምጣት ነው፤ ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በእሱ በኩል ነው። ከባቱ ድሬ ረጅም መንገድ ነው። ጫጩቱ ከመጓዙ በፊት አንድ ቀን አይብላ። ፌስታሉ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ የቀረው ከሲሊንደር የተሞላ ኦክስጅን ይሁን። ሌሊት ተጓዙ፤ ከአዋሽ በኋላ ያለውን የቀን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ስትደርሱ ፌስታሉን ሳትፈቱ ውሃው ላይ አንሳፍፉት። ከሩብ ሰዓት በኋላ የታንከሩን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩበት፣ ከዚያ ልቀቁ።

ስንት ይግባ? 2 በ3 ሜትር የሆነ ታንከር 1 ሜትር ተኩል ውሃ ቢይዝ 9 ኩብ ነው፤ 9,000 ሊትር ማለት ነው። የአየር ፓምፕ ከሌለ በኩብ ከ1 ኪሎ ዓሣ አታሳልፉ። 9 ኪሎ ማለት ሩብ ሩብ ኪሎ የሚመዝኑ 36 ቆሮሶዎች ናቸው። ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። «ለ36 ዓሣ ነው ይሄ ሁሉ?» አዎ። አየርና ማጣሪያ ካለ እስከ 3 ኪሎ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በላይ የመብራት ኃይል ባሪያ መሆን ነው።

ምክንያቱም ሞቃት ውሃ ኦክስጅን አይወድም፤ ከፍታ ሲጨመርበት ይብሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ስላለች 7 ገደማ ነው የምትይዘው። ቆሮሶ ከ3 በታች ሲሆን መጨነቅ ይጀምራል። የተጨነቀ ዓሣ ሌሊት በባትሪ ስታበሩበት ይታያችኋል፦ ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውሃው ጫፍ ጋር አስተካክለው ክፍት ክድን ያደርጋሉ። ስትቀርቧቸውም አይሸሹም። ይህን ካያችሁ ያን ቀን ምግብ የለም። ውሃውን በዲናሞ ከታች ስባችሁ ከላይ እንደ ዝናብ እንዲወርድ አድርጉ።

ስለዚህ የአየር ፓምፑ ባትሪ ይኑረው። በሶላር ፓነል የሚሞላ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ፓምፕ ከሆነ መብራት ሲሄድ እንቅልፋችሁን ትተኛላችሁ። ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ ስቀሉት፤ ዝቅ ካለ ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ይገባበታል። ባለ 220 ቮልቱ ዲናሞ ንዝረት ሲኖር በራሱ በሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር በኩል ብቻ ይሠራ። ማከፋፈያ ታንከር አፍ ላይ አይንጠልጠል። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ።

ከአየር ቀጥሎ የሚገድለው ሽንቱ ነው፤ አሞኒያ። ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር አሞኒያው ይመርዛል። አዲሱን ልስን ታገሱት ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያ ነው። አንድ በርሜል ታንከሩ አፍ አጠገብ አቁሙና የታጠበ ቀይ አሽ ሙሉበት፤ ግንበኞች ወለል ሥር የሚደለድሉት ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ። ዲናሞው ውሃውን ወደ በርሜሉ ይስቀለው፣ በአሹ ውስጥ አልፎ ተመልሶ ይውረድ። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እስኪበረክቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ፤ እስከዚያ ጥቂት ዓሣ፣ ጥቂት ምግብ። አሹን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፣ ክሎሪኑ ይጨርሳቸዋል። በራሱ በታንከሩ ውሃ አለቅልቁት።

ምግቡ ፋጉሎና ፉሩሽካ ይሁን። ትንሽ የደረቀ የዓሣ ዱቄት ወይም የደም ዱቄት ይጨመርበት። መጠኑ ከዓሣው ክብደት ከመቶ 2 እጅ ነው። ለ9 ኪሎ ዓሣ በቀን 180 ግራም፣ ጠዋትና ከሰዓት ተከፍሎ። በአሥር ደቂቃ ካልጨረሱት በዝቷል። እንጀራ ፍርፋሪ የሚወረውር እንግዳ ቤት አይጠፋም፤ እሱን በጨዋ ደንብ አባሩ። በሳምንት ከአሥር አንድ እጁን ውሃ ከጥጉ ጉድጓድ ሳቡ። ፓፓያና ጎመን ይህን ውሃ ሲያገኙ ሌላ ይሆናሉ።

ክዳኑ ይቆለፍ። ቁልፉ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሰቀል። ከክዳኑ ሥር ሰው የሚሸከም የብረት ፍርግርግ፣ ከእሱ ሥር የወባ ትንኝ የማያሳልፍ ወንፊት። እኛ ዘንድ ይህ ቀልድ አይደለም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ትንኝ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ። በ2022 ድሬ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ተጠያቂው እሱ ነው። ረግረግ አይፈልግም፤ ሰው በሠራው ታንከርና በርሜል ውስጥ ይፈለፈላል። ዓሣ እጩን ይበላል፣ ግን በዓሣው ተማምናችሁ አፉን ክፍት አትተዉ። የጤና ባለሙያዎች የእጭ መግደያ ሊጨምሩ ወይም ቤት ሊረጩ ሲመጡ ዓሣ እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ቤት ውስጥ የሚረጨው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ለዓሣ ክፉ መርዝ ነው። ፍሊትም እንደዚያው። ርጭት ሲኖር አፉን በላስቲክ ሸፍኑ፣ የአየር ፓምፑም ንጹሕ አየር ከሌላ በኩል ይሳብ።

ማውጣቱ ቀላል ነው። ምግቡን የምታወርዱበት ቦታ ላይ አራት ጥጉ በገመድ የታሰረ መረብ ዘርጉ። ሊበሉ ሲሰበሰቡ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። የሚታረዱትን ለይታችሁ ንጹሕ ውሃ ያለበት በርሜል ውስጥ አየር እየሰጣችሁ ሦስት ቀን ያለ ምግብ አቆዩ፤ የጭቃ ጭቃው ሽታ ይለቃል። የሐዋሳ ሰው ዓሣ በጥሬው ይወዳል። የታንከር ዓሣ ግን በደንብ ይጠበስ ወይም ጉላሽ ይሠራ። ሲያጸዱት ሆድ ዕቃውን ወደ ታንከሩ የሚወረውር ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት፤ ለድመት ነው የሚሰጠው።